በየጊዜው የሚደርቅ አሮጌ ራውተር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ቅሬታ አላቸው፦ ዓመታት ሲያገለግል የኖረ ራውተር ያለ ምክንያት ይደርቃል፤ ከሶኬት ነቅለው ሲሰኩት ይነሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያው ነው። ተመሳሳዮቹን በአንድ ጠቅልለን፣ ለየት ያሉትን ለብቻ መልሰናል።

ጥያቄ፦ ራውተሬ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖታል። በቀን ሁለት ሦስቴ ኢንተርኔት ይጠፋል። አንዳንዴ ራሱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ ካልነቀልኩት አይመለስም። ወደ ፋብሪካ ሰቲንግ መልሼው ነበር፤ ለውጥ የለም። ይጠገናል ወይስ ልጣለው?

መልስ፦ ለመጣል ገና ነው። ሪሴት ማድረግዎ ባይጎዳም መቅደም የነበረበት እሱ አይደለም። «ኢንተርኔት ጠፋ» ሲባል ከአራት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፦ ራውተሩ ራሱ ጠፍቶ በርቷል፤ ወይም መብራቶቹ እየበሩ ደርቋል፤ ወይም ራውተሩ ደህና ሆኖ ከውጭ የሚመጣው መስመር ተቆርጧል፤ ወይም ሁሉም ደህና ሆኖ ዋይፋዩ ብቻ ወድቋል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

አንድ ኮምፒውተር በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙ። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ፣ ከመንቀልዎ በፊት የራውተሩን ገጽ ለመክፈት ይሞክሩ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይም ይገኛል። ገጹ ከተከፈተ ስታተስ በሚለው ክፍል ውስጥ ራውተሩ ከበራ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው የሚያሳየውን ቁጥር ይፈልጉ። ከትናንት ጀምሮ ያልተነካ ራውተር «4 ደቂቃ» ካለ፣ ማንም ሳያየው ጠፍቶ በርቷል። «6 ቀን» እያለ ኢንተርኔት ከሌለ ጥፋቱ ወደ መስመሩ ያዘነብላል። ገጹ በኬብል ተከፍቶ በስልክ በዋይፋይ እምቢ ካለ የዋይፋዩ ጉዳይ ነው። መብራቶቹ እየበሩ በኬብልም ካልተከፈተ፣ እውነተኛው መድረቅ እሱ ነው።

የሎግ ገጽ (ራውተሩ የሆነውን ሁሉ በሰዓቱ የሚመዘግብበት) ካለው እሱም ይናገራል። አብዛኞቹ ራውተሮች ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ የላቸውም፤ ሲነሱ ቀኑን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወይም ፈርምዌሩ (ራውተሩን የሚያሠራው የውስጥ ፕሮግራም) ላይ ከተጻፈ ሌላ አሮጌ ቀን ይጀምሩና ኢንተርኔት ሲያገኙ ያስተካክላሉ። ዛሬ ጠዋት ሲያዩት ሎጉ በ1970 ከጀመረና ወዲያው ወደ ዛሬ ሌሊት ቀን ከዘለለ፣ የሞተበትን ሰዓት አገኙ ማለት ነው። ከመሞቱ በፊት ያለውን ግን አያገኙም፤ ሎጉ ራም (ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚጠፋ ጊዜያዊ ማህደር) ላይ ስለሚቀመጥ አብሮ ይጠፋል። ራውተሩ ሎጉን ሲስሎግ በሚባለው መንገድ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መላክ የሚችል ከሆነ (ወደቡ ዩዲፒ 514 ነው) የመጨረሻዎቹን መስመሮች እዚያ ማንበብ ይቻላል።

ጠፍቶ የሚበራ ወይም የሚደርቅ ሆኖ ከተገኘ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አዳፕተሩ ነው። ሰው ሁሉ ሰቲንግ ሲነካካ ይውላል እንጂ ግድግዳው ላይ የተሰካችውን ጥቁር ሳጥን ማንም አይጠረጥራትም። ውስጧ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው ቮልቱን የሚያረጉ ዕቃዎች) በሙቀት ዓመታት ሲቆዩ ፈሳሻቸው ይደርቃል። ሥራ በሌለበት ሰዓት ቮልቱ ደህና ነው፤ ዋይፋዩ በኃይል መላክ ሲጀምር ግን ለሚሊሰከንዶች ይወርዳል። መብራቶቹ እንኳ ሳይደበዝዙ ፕሮሰሰሩ ስሌቱ ይዛባበትና ወይ ሪስታርት ያደርጋል ወይ ይደርቃል። «ስንጠቀምበት ነው የሚጠፋው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

መልቲሜትር ያለው ሰው አዳፕተሩን ነቅሎ ይለካና «12.1 ቮልት፣ ደህና ነው» ይላል። ይህ ልኬት ምንም አያረጋግጥም፤ መለካት ያለበት ራውተሩ ተሰክቶና እየሠራ ነው። ሽፋኑን ከፍተው፣ የአዳፕተሩ መሰኪያ ከቦርዱ ጋር የተበየደበትን ቦታ ከሥር በመልቲሜትሩ ጫፎች ይንኩ። በአንድ ኮምፒውተር ትልቅ ፋይል እያወረዱ የ12 ቮልት አዳፕተር ከ11.4 በታች ከወረደ ወይም ቁጥሩ እየዘለለ ካልረጋ አርጅቷል። ርካሽ መልቲሜትር ግን ፈጣኑን መንቀጥቀጥ አያየውም፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖም አዳፕተሩ መጥፎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚታመነው ፈተና ሌላ ጤነኛ አዳፕተር ተውሶ ለሁለት ቀን መሞከር ነው።

ሲተኩት አራት ነገር ይመልከቱ። ቮልቱ እኩል ይሁን። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ 1 አምፔር በሚልበት 2 አምፔር ቢሰኩ አያቃጥልም፣ ራውተሩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚወስደው። ፖዘቲቩ ከመሐል መሆኑን በሁለቱም ላይ ከታተመው ትንሽ ሥዕል ያመሳክሩ፤ አንዳንድ አሮጌ ሞደሞች ደግሞ ጭራሽ ኤሲ የሚያወጣ አዳፕተር ስላላቸው ከቮልቱ ጎን የሞገድ ምልክት (~) ካለ ዲሲ አይሰኩበት። አራተኛው መሰኪያው ነው፤ ይኼኛው ብዙዎችን ያሳስታል። ከውጭ ሁለቱም 5.5 ሚሊሜትር ሆነው የመሐል ቀዳዳቸው 2.1 እና 2.5 ሚሊሜትር የሆኑ አሉ። ባለ 2.5ቱ በባለ 2.1 ሶኬት ላይ ይገባል፣ ራውተሩም ይበራል፤ ነገር ግን ስለሚላላ ጠረጴዛው ሲነካ ይጠፋል። አዲስ አዳፕተር ተገዝቶ ችግሩ ከባሰ፣ መሰኪያውን በጣት ወዘወዝ አድርጎ ማየት ነው።

ጥያቄ፦ አዳፕተር ቀየርኩ፣ አልተለወጠም። ከፍቼ ሳየው ቦርዱ ላይ ካሉት በርሜል መሳይ ዕቃዎች የአንዱ አናት አብጧል። ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?

መልስ፦ ጥፋተኛውን አግኝተውታል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ይባላል፤ ከአዳፕተሩ የሚመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩና ራሙ ወደሚፈልጉት 3.3 ቮልትና ከዚያ በታች በሚያወርደው ክፍል ዙሪያ ተደርድሮ ይገኛል። አናቱ ዝርግ መሆን አለበት፤ ትንሽ እንኳ ካበጠ ውስጡ ጋዝ ሞልቷል። ከሥሩ ቡናማ ነገር ካዩ ግን ቶሎ አይፍረዱ፤ ፋብሪካው ዕቃው እንዳይነቃነቅ ያደረገው ማስቲሽ ሊሆን ይችላል። ያላበጠውም ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ሳያብጡ የሚደርቁ አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ቅመሙ የተበላሸ ካፓሲተር ገብቶ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የተሠራ ራውተር ከሆነ በአንዱ ብቻ አይቁሙ፤ አጠገቡ ያሉትን እኩዮቹንም ይቀይሩ።

ብየዳ የለመደ እጅ ካለዎት ሥራው የአንድ ሰዓት ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ለምሳሌ «470 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት፣ 105 ዲግሪ» ይላል። ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን። ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ 25 ቮልቱ ወፍራም ስለሆነ ቦታው እንደሚበቃው በሚሊሜትር ለክተው ይግዙ። 85 ዲግሪ የሚለውን አይቀበሉ፤ ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ የ20 ዲግሪ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከሁሉ በላይ የውስጥ መቋቋሙ ዝቅተኛ የሆነ፣ ለስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ የተሠራ ዓይነት ይጠይቁ። ተራውን ካስገቡ ራውተሩ ይነሳል፤ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ ድሮ አመሉ ይመለሳል።

ከመንቀልዎ በፊት ቦርዱን በስልክ ፎቶ ያንሱ። በካፓሲተሩ ጎን የወረደው መስመር ኔጌቲቩን ያመለክታል፤ ተገልብጦ ከተበየደ ሊፈነዳ ይችላል። ቦርዱ ላይ ያለው ምልክት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የሚታመነው ፎቶው ነው። ካውያው 350 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። የድሮው ብየዳ እርሳስ የሌለበት ከሆነ በ217 ዲግሪ ገደማ ነው የሚቀልጠው፤ እርሳስ ያለበትን አዲስ ብየዳ ቢጨምሩበት ግን ዝቅ ባለ ሙቀት ይላላል። ኔጌቲቩ እግር ከሰፊ መዳብ ጋር ስለተያያዘ ሙቀቱን ይጠጣበታል፤ እልህ ይዞዎት በኃይል ከሳቡት የቀዳዳው ውስጥ ልባስ አብሮ ይወጣና ቦርዱ ያኔ በእርግጥ ይበላሻል። አንዱን እግር አሙቀው ትንሽ ማዘንበል፣ ከዚያ ሌላውን፣ እንዲህ እያፈራረቁ ያውጡት።

ይህ ሁሉ ለራውተሩ ቦርድ ነው። አዳፕተሩን ግን አይክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ የሚችል ካፓሲተር አለው። ፓወር ሰፕላዩ ከውስጡ የተሠራ፣ የግድግዳው ገመድ ቀጥታ የሚገባበት ራውተር ከሆነም ለባለሙያ ይስጡት።

ጥያቄ፦ የእኔ የሚደርቀው ቶረንት ሲከፈት ብቻ ነው። ነቅሎ መሰካት ያድነዋል። ይህም የአዳፕተር ችግር ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን እዚህ ላይ የራም ጥበት ይበልጥ ያስጠረጥራል። ራውተር በእሱ በኩል የሚያልፈውን እያንዳንዱን ግንኙነት፣ ከየትኛው ኮምፒውተር ወጥቶ ወዴት እንደሄደ፣ ሠንጠረዥ ላይ ይመዘግባል። ድረ ገጽ ሲከፈት በአሥሮች የሚቆጠር መስመር ይመዘገባል፤ ቶረንት ግን በመቶዎችና በሺዎች ይከፍታል። ሠንጠረዡ ሲሞላ አዲስ ግንኙነት አይቀበልም፤ ራም ካለቀ ደግሞ ራውተሩ ይደርቃል። ብዙ ራውተሮችን በሚያሠራው የሊነክስ ሲስተም ላይ ደግሞ ተከፍቶ ሳይዘጋ የተተወ የቲሲፒ ግንኙነት፣ ፋብሪካው ካላሳጠረው በቀር፣ ከሠንጠረዡ የሚሰረዘው ከ432000 ሰከንድ ማለትም ከ5 ቀን በኋላ ነው። ቶረንቱን ዘግተውም ወዲያው የማይሻለው ለዚህ ነው።

የራም ነገር እንዴት እንደሚለያይ የሊንክሲስ ደብልዩአርቲ54ጂ የተባለው ራውተር ጥሩ ምሳሌ ነው። አራተኛው ስሪት 16 ሜጋባይት ራምና 4 ሜጋባይት ፍላሽ (ፈርምዌሩ የሚቀመጥበት ቋሚ ማህደር) ነበረው፤ አምስተኛው ስሪት ሞዴሉ ሳይቀየር ወደ 8 ሜጋባይት ራምና 2 ሜጋባይት ፍላሽ ወረደ፣ ሊነክሱም ተነስቶ በሌላ ሲስተም ተተካ። ስለዚህ «የጓደኛዬ ያው ሞዴል አይደርቅም» ማለት አያስኬድም፤ ከሥሩ ያለውን የስሪት ቁጥር ያንብቡ።

ቶረንቱ ላይ ጠቅላላውን የግንኙነት ጣሪያ ወደ 100 ያውርዱ፣ ዲኤችቲ የሚለውን ያጥፉ፣ አፕሎዱን ከመስመርዎ አቅም 80 በመቶ በታች ይገድቡ። ራውተሩ ላይ የማይጠቀሙበትን ሁሉ ይዝጉ፦ የትራፊክ ስታቲስቲክስ፣ የወላጅ ቁጥጥር፣ ዩፒኤንፒ። ፈርምዌሩ የቲሲፒን ጊዜ መቀየር ከፈቀደ 3600 ሰከንድ ያድርጉት። በዚህ ካልቆመ ወደ አዳፕተሩ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚጠፋው። ጠዋትና ማታ ደህና ነው።

መልስ፦ ሙቀት ነው። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች በዙሪያቸው ያለው አየር ከ40 ዲግሪ እንዳይበልጥ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሞደም ላይ ተደርቦ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ያ በቀላሉ ይታለፋል። ቀዳዳዎቹን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፣ በጎኑ ያቁሙት ወይም ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ለማረጋገጥ በሚጠፋበት ሰዓት ሽፋኑን አንስተው በትንሽ ቬንቲሌተር ያናፍሱት፤ ያን ቀን ካልጠፋ መልሱን አገኙ። የበረዶ ውሃ ያለበት ላስቲክ ላዩ ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ ጠል ይፈጥርና ቦርዱን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ሌሊት ማንም ሳይጠቀምበት ይደርቃል። ሰው በሌለበት ምን ያጨናንቀዋል?

መልስ፦ ከውስጥ ሰው ባይኖርም ከውጭ አለ። ኢንተርኔት ላይ ያለ ራውተር ሁሉ ቀን ከሌት በሚፈትሹት ፕሮግራሞች ይንኳኳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 መጨረሻ ላይ በጀርመን 900 ሺህ ገደማ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ኢንተርኔት ተቋርጦባቸው ነበር። ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ዝርያ፣ ኩባንያዎች ራውተርን ከርቀት በሚያስተዳድሩበት በ7547 ወደብ በኩል ለመግባት ሲሞክር ራውተሮቹ አልተያዙም፤ ሙከራው ብቻ አደረቃቸው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 የተገለጠው ቪፒኤንፊልተር የተባለ ሌላ ተንኮለኛ ፕሮግራም ደግሞ ቢያንስ 500 ሺህ መሣሪያዎችን ይዞ ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍሉ በሪስታርት የማይጠፋ በመሆኑ ወደ ፋብሪካ ሰቲንግ መመለስ ያስፈልግ ነበር።

ከርቀት ማስተዳደር የሚለውን ይዝጉ፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፣ ከዚያ አዲስ ፈርምዌር ካለ ይጫኑ። ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ብቻ ያውርዱ፣ የስሪት ቁጥሩ ልክ እንደ ራውተሩ መሆኑን ያረጋግጡ፣ በኬብል እንጂ በዋይፋይ አይጫኑ፣ እየተጫነም መብራት እንዳይጠፋበት ይጠንቀቁ። ሲያልቅ ሪሴት አድርገው ሰቲንጉን በእጅዎ እንደገና ይሙሉ። ከድሮው ባክአፕ ከመለሱት የተበላሸው ሰቲንግ ካለ አብሮ ይመለሳል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የኢንተርኔት አቅራቢዎ የሰጠዎትን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሪሴት ይሰርዘዋል።

አምራቹ ፈርምዌር ማውጣት ካቆመ ኦፕንደብልዩአርቲን (በአምራቹ ፈርምዌር ምትክ የሚጫን ነፃ ፈርምዌር) መመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን ከ8 ሜጋባይት ፍላሽና ከ64 ሜጋባይት ራም በታች ያለው ራውተር የዛሬዎቹን ስሪቶች አይችልም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለኢንተርኔት በር አድርጎ ማቆየት ተገቢ አይደለም፤ ካልደረቀ ከውስጥ እንደ ተራ ስዊች ያገለግላል።

ጥያቄ፦ የቤት ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ይቆረጣል፤ ራውተሩ ግን አይጠፋም።

መልስ፦ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኤዲኤስኤል ከሆነ ራውተሩ ንጹሕ ነው። የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የሚለየው ማጣሪያ ተበላሽቷል ወይም አንድ ስልክ ያለ ማጣሪያ ተሰክቷል። ሁሉንም ስልኮች ነቅለው ራውተሩን ብቻውን በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ይሞክሩ። በዲኤስኤል ስታተስ ገጽ ላይ የሲግናልና የጫጫታ ልዩነት ከ6 ዲሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ ራሱ ደካማ ነው፤ ቁጥሩን መዝግበው ለአቅራቢዎ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስሰካበት ወዲያው ይጠፋል።

መልስ፦ ሒሳቡን ይሥሩት። 12 ቮልት 1 አምፔር አዳፕተር የሚሰጠው 12 ዋት ነው። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር በ5 ቮልት እስከ 1 አምፔር፣ ማለትም 5 ዋት ገደማ ሊስብ ይችላል፤ የዩኤስቢ 2.0 ወደብ ግን በደንቡ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ብቻ ነው። የራሱ አዳፕተር ያለው ዲስክ ወይም አዳፕተር ያለው ዩኤስቢ ሃብ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ በየሌሊቱ በሰዓት ቆጣሪ ሶኬት አጥፍቼ አበራዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቀን ላይ አይደርቅም። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ራሙ እየሞላ የሚደርቅ ራውተር ከሆነ ይሠራል፤ ፈርምዌሩ ራሱ በተወሰነ ሰዓት ሪስታርት የሚያደርግበት ሰቲንግ ካለው ግን ያ ይሻላል። ኤሌክትሪኩን ቆርጦ ማብራት ያረጁ ካፓሲተሮች ላለው ራውተር አይመችም፤ ካፓሲተር ሲቀዘቅዝ የውስጥ መቋቋሙ ይጨምራል፣ ሞቆ ሲሠራ የነበረውም ለአሥር ደቂቃ ጠፍቶ ሲመለስ ላይነሳ ይችላል። ቆጣሪውን ከመተማመንዎ በፊት ራውተሩን አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት አጥፍተው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይተዉትና ያብሩት። መብራቶቹ እየበሩ እየጠፉ የሚንገዳገድ ከሆነ ቆጣሪውን ያንሱና ሽፋኑን ይክፈቱ።